ከቆዳ መጋዘን የተነሣ መድረክ፦ የሩሲያ ቴአትር ታሪክ በአንድምታ፣ ለቦኖሻ ወጣቶች

መቅድም

የአንድምታ መምህር አንድ ንባብ ይይዛል፤ ትርጓሜውን ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምርበታል። ኋለኛው ፊተኛውን አይሽርም፤ ሁሉም በየመንገዱ ወደ አንድ ምሥጢር ይደርሳል። እዚህ የያዝነው ንባብ የሩሲያ ድራማ ቴአትር ታሪክ ነው። ታሪኩን በሰባት አጫጭር ቃላት ጠቅልለን እናስቀምጣለን፤ ከየቃሉ በታች ታሪኩ፣ ሐተታው፣ አንድምታው ይከተላል።

የሩቅ አገር ቴአትር ለቦኖሻ ምኗ ነው ቢሉ፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፈው ሰው ከልጅነቱ በሩሲያ ያደገ ነውና የእነርሱ ነገር ከእኛ ነገር ጋር ይገናኛል። አንድም፤ ያ ታላቅ ቴአትር የተጠነሰሰው ከንጉሥ ከተማ በራቀች የንግድ ከተማ ነውና የሻሾጎዋን ቦኖሻን፣ ሆሳዕናን፣ ዱራሜን፣ ሾኔን ይመለከታል። በእነዚህ ከተሞች ጥበብ የሚወዱ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ቴአትር ለምን አትጀምሩም ሲባሉ ግን «አዳራሽ የለንም» ይላሉ። ይህ ትርጓሜ የተጻፈው ለዚያ መልስ ነው። የሰባቱም ቃል ምሥጢር አንድ ነው፦ ቡድን ከቤት ይቀድማል።

፩

ንባብ፦ በያሮስላቭል አንድ ወጣት በቆዳ መጋዘን መድረክ አቆመ፤ ንግሥቲቱም ሰምታ አስጠራችው።

ታሪክ። ፊዮዶር ቮልኮቭ እ.ኤ.አ. በ1729 ተወለደ። እናቱ የያሮስላቭል ነጋዴ አግብታ ነበርና እርሱም በእንጀራ አባቱ ቤት አደገ። ከተማይቱ በቮልጋ ወንዝ ዳር ናት። ለንግድ ሥራ ሴንት ፒተርስበርግ ሲላክ ቴአትር አየ፤ ልቡ በዚያ ቀረ። ተመልሶም እ.ኤ.አ. በ1750 ወንድሞቹንና ጓደኞቹን ሰብስቦ ቆዳ በሚከማችበት መጋዘን ውስጥ መጫወት ጀመረ። ወሬው ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘንድ ደረሰ፤ በ1752 ቡድኑ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠራ። ቮልኮቭና ጥቂት ጓደኞቹም የመኳንንት ልጆች በሚማሩበት የጦር ትምህርት ቤት ገብተው እንዲማሩ ተደረገ። ኦገስት 30 ቀን 1756 በአሮጌው የሩሲያ አቆጣጠር፣ ንግሥቲቱ የሩሲያ ቴአትር እንዲቋቋም አወጀች፤ በዓመት 5,000 ሩብል ቆረጠችለት። አለቃው ባለቅኔው ሱማሮኮቭ ሆነ፤ ቮልኮቭ ከነቡድኑ ተዋናይ ሆነ። ዛሬ አሌክሳንድሪንስኪ የሚባለው የሴንት ፒተርስበርግ ቴአትር ልደቱን የሚቆጥረው ከዚህ አዋጅ ነው።

ትርጓሜ። «በቆዳ መጋዘን» አለ፤ ጥበብ ስፍራ አትመርጥም፣ ያላትን ይዛ ትነሣለች ሲል ነው። ቆዳ የሚከማችበት ቤት ይከረፋል፤ ወንበር የለውም፤ መጋረጃ የለውም። ቮልኮቭ ግን የሌለውን ሲቆጥር አልዋለም፤ ያለውን ጣሪያ ተጠቀመበት።

አንድም። «ንግሥቲቱም ሰምታ» አለ፤ ቀድማ አልሠራችም፤ የቆመ ነገር ነበረና ሰማች። መንግሥት በእግሩ የቆመውን ያጸናል እንጂ ያልተወለደውን አያሳድግም ለማጠየቅ።

ምነው በአዋጁ ቤት አልተሠራለትምን ቢሉ፤ ቡድኑ ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር ብዙ ዘመን አለፈ። አርክቴክቱ ካርሎ ሮሲ ያቆመው ያ ባለ ዓምድ ሕንፃ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1832 ነው። ከአዋጁ እስከ ሕንፃው 76 ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ተዋናዩ ይጫወት፣ ደራሲው ይጽፍ፣ ተመልካቹ ይመጣ ነበር።

አንድም። ቮልኮቭ ለንግድ ሄዶ ከሸቀጡ ጋር ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ ብዙ ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ ብዙዎቹ በሱቅ ሥራ ላይ ናቸው። ለወላጆቻቸው የሚልኩት ገንዘብ ቤት ሠርቷል፤ ልጅ አስተምሯል። ያዩትን፣ የሰሙትን፣ የተሰቃዩበትን ነገር ግን ገና አላስነገርናቸውም። ተመላሽ ሰው ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ ታሪኩን የሚቀበል መድረክ ያስፈልገዋል።

፪

ንባብ፦ ከመሬት ጋር የሚሸጠው ገባር በመድረክ ላይ ንጉሥ ሆኖ ቆመ።

ታሪክ። በ18ኛው መቶ ዓመት የሩሲያ መኳንንት በየርስታቸው ከገባሮቻቸው መካከል ተዋንያን እየመረጡ ቴአትር ያቆሙ ነበር። ተዋናዩ የጌታው ንብረት ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይቀጣል። ከሁሉ የገነነው የሸረሜቴቭ ቤተ ሰብ ቴአትር ነው። በዚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1768 የተወለደች ፕራስኮቭያ የምትባል ልጅ ተነሣች፤ አባቷ ገባር፣ ሥራውም ብረት መቀጥቀጥ ነበር። በድምፅዋና በትወናዋ የዘመኗን ታላላቆች አስደነቀች። ኮንት ኒኮላይ ሸረሜቴቭ ነፃ አውጥቶ በ1801 አገባት። ሚካይል ሽቼፕኪንም እንዲሁ በ1788 በገባርነት ተወለደ። የጥበብ ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው ነፃነቱን ገዙለት፤ እርሱም በሞስኮ ማሊ ቴአትር የሩሲያን ትወና ወደ እውነተኛ ሰው አነጋገርና አኳኋን የመለሰ አባት ሆነ።

ትርጓሜ። «ገባር» አለ፤ ይህን ቃል ለሀዲያና ለከምባታ ሰው ማስረዳት አያሻም። አያቶቻችን ገባርነትን በትከሻቸው አሳልፈውታል፤ መሬት ለአራሹ የታወጀው በ1967 ዓ.ም. ነው። «ንጉሥ ሆኖ ቆመ» አለ፤ በመድረክ ላይ ሰው የሚለካው በችሎታው ነው ሲል ነው። የገዛው ጌታ ከታች ተቀምጦ ቀና ብሎ ያየዋል።

አንድም። ገባሩን በመድረክ ማንገሥ ከገባርነት ማውጣት አይደለም። መጋረጃው ሲዘጋ ንጉሡ ተመልሶ ገባር ይሆን ነበር። ጥበብ ክብርን ታሳያለች፤ መብትን ግን ሰው ራሱ ማምጣት አለበት ለማጠየቅ። ለዚህ ነው የሽቼፕኪን ወዳጆች በጭብጨባ ሳይወሰኑ ገንዘብ ያዋጡለት።

አንድም። ፕራስኮቭያ የቀጥቃጭ ልጅ ናት። በእኛም አገር ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው በማዕድና በጋብቻ የሚገለልበት ልማድ ኖሮ ነበር፤ ጨርሶም አልጠፋም። ማረሻ የሚስለውን፣ እንስራ የምትሠራውን የሚንቅ ቤት ልጆቻቸውንም ወደ መድረክ አይጠራም። በቦኖሻ የሚቆመው ቡድን ይህን በር መጀመሪያ ይክፈት። በዘር የተዘጋ ቡድን የአንድ ሰፈር መሰብሰቢያ ይሆናል እንጂ ቴአትር አይሆንም።

፫

ንባብ፦ ስም በሌላት ከተማ ተቆጣጣሪ መጣ ተባለ፤ ሹማምንቱ ታወኩ፤ ንጉሡም ተቀምጦ አየ።

ታሪክ። የኒኮላይ ጎጎል ኮሜዲ፣ ስለ መንግሥት ተቆጣጣሪ የጻፈው፣ በአሌክሳንድሪንስኪ የታየው ኤፕሪል 19 ቀን 1836 በአሮጌው አቆጣጠር ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ከዋና ከተማ የራቀች ትንሽ ከተማ አለች። ከላይ ተቆጣጣሪ ስሙን ደብቆ ይመጣል የሚል ወሬ ሲደርስ ከንቲባው፣ ዳኛው፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ይደነግጣሉ። በከተማው እንግዳ ማረፊያ ገንዘብ ያለቀበት አንድ ወጣት ሰንብቶ ነበርና እርሱን ተቆጣጣሪው ነው ብለው ጉቦ ያጎርሱታል፤ ከንቲባው ልጁን ሊድርለት ይነሣል። ሰውየው ገንዘቡን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ማንነቱ ይገለጣል፤ ወዲያው እውነተኛው ተቆጣጣሪ መድረሱ ይነገራል፤ ሁሉም በቆሙበት ደርቀው ይቀራሉ። ቀዳማዊ ኒኮላይ በመጀመሪያው ምሽት ተገኝቶ አየው፤ ሳቀም።

ትርጓሜ። «ስም በሌላት ከተማ» አለ፤ ስም ያልሰጣት ሁሉም ከተማ ራሱን እንዲያገኝባት ነው። የወረዳ ሰው ይህን ሲያይ አይቸገርም። የሱፐርቪዥን ቡድን ይመጣል ሲባል ግቢ የሚጠረግበትን፣ ፋይል የሚደረደርበትን፣ ሪፖርት የሚያምርበትን ጧት ሁላችንም እናውቀዋለን።

አንድም። «ታወኩ» አለ፤ ያወካቸው ተቆጣጣሪው አልነበረም፤ የገዛ ሥራቸው ነው። ንጹሕ ሰው ወሬ ሲሰማ ሥራውን ይቀጥላል።

ምነው ንጉሥ በሹማምንቱ ላይ የሚስቅ ጨዋታ እንዴት ፈቀደ ቢሉ፤ ፈቃዱን ለሁሉ አልሰጠም። ባለቅኔው ፑሽኪን የንጉሥ ታሪክ የሆነውን ተውኔት፣ ቦሪስ ጎዱኖቭን፣ እ.ኤ.አ. በ1825 ጽፎ ሳለ በመድረክ የታየው ደራሲው ከሞተ ብዙ ቆይቶ በ1870 ነው። ሥልጣን ያለው ሰው በታናሹ ሹም ላይ ሲሳቅ ይታገሣል፤ ነገሩ ወደ ዙፋኑ ሲጠጋ ይቆጣል ለማጠየቅ።

አንድም። «ተቀምጦ አየ» አለ፤ ሹም የሚማርበት ከሁሉ የቀለለው ስፍራ የተመልካች ወንበር ነው ሲል ነው። በስብሰባ የሚሰነዘር ወቀሳ ጠብ ይሆናል። በመድረክ የታየ ወቀሳ ግን ሰውየው ከሳቀ በኋላ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ይሄዳል። የሀዲያና የከምባታ ሽማግሌ «ሴራ» በሚባለው የባህል ሥርዓት ነገር ሲዳኝ በምሳሌ የሚናገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዳዩ ራሱን በራሱ እንዲፈርድ ያደርጋል። እንግዲህ ለቴአትር የሚሆን ብልሃት ከሽማግሌዎቻችን ዘንድ አለ፤ የቀረው ወጣቱ ከእነርሱ መማሩ ነው።

፬

ንባብ፦ በአንዱ ቤት የወደቀው በሌላው ቤት ተነሣ።

ታሪክ። የዓድዋ ድል በሆነበት ዓመት፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1896 በአሮጌው አቆጣጠር፣ የአንቶን ቼኾቭ «ሲጋል» በአሌክሳንድሪንስኪ ታየ። ስያሜው በባሕርና በሐይቅ ዳር ከምትበር ነጭ ወፍ የመጣ ነው። ምሽቱ አንዲት ታዋቂ የኮሜዲ ተዋናይ የምትመሰገንበት ነበርና ሕዝቡ ሊስቅ መጣ፤ ያየው ግን ያዘነ፣ ዝም ዝም የሚል፣ ነገሩ በውስጥ የሚንቀሳቀስ ተውኔት ሆነበት። ጮኸበት፣ አፌዘበት። ቼኾቭም ዳግመኛ ተውኔት ላይጽፍ ምሎ ከቤቱ ወጣ።

በተከተለው ዓመት ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪና ቭላዲሚር ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ በሞስኮ በአንድ ምግብ ቤት ተገናኝተው 18 ሰዓት ሙሉ ሲነጋገሩ አደሩ፤ አዲስ ቴአትር ሊያቋቁሙም ተስማሙ። የሞስኮ አርት ቴአትር በ1898 ተከፈተ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ያንኑ የወደቀውን ተውኔት አቀረቡት፤ ታላቅ ድል ሆነ። ወፏም እስከ ዛሬ የዚያ ቴአትር ምልክት ናት።

ትርጓሜ። ድርሰቱ አንድ ነው፤ ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚሠራው ቡድን ነው። በፊተኛው ቤት ልምምዱ አጭር፣ ተዋናዩም ለየራሱ ክብር የሚቆም ነበር። በሁለተኛው ቤት ረጅም ልምምድ፣ የጋራ ሥነ ሥርዓት፣ ትንሹንም ሚና እንደ ትልቁ ማክበር ነበረ።

አንድም። ሕንፃውን ብታይ የፒተርስበርጉ ይበልጣል፤ የንጉሥ ቤት ነው፣ ዓምዱ ያስደንቃል። የሞስኮዎቹ በኪራይ ቤት የጀመሩ ናቸው። ትልቅ ቤት ድርሰትን ከመውደቅ አላዳነም ለማጠየቅ።

አንድም። «ሲነጋገሩ አደሩ» ያልነውን ልብ ይሏል። ገንዘብ ስለ መሰብሰብ ብቻ አልተነጋገሩም፤ ማን ተዋናይ ይሁን፣ እንዴት እንለማመድ፣ ዘግይቶ የመጣ ምን ይደረግ፣ ተመልካች እንዴት ይከበር እያሉ ነው። የቦኖሻ ቡድን የመጀመሪያ ሥራው ይህ ንግግር ነው። ሕግ ያላወጣ ቡድን በሁለተኛው ተውኔት ይጣላል።

፭

ንባብ፦ ከተማይቱ በተከበበች ጊዜ ቤቱ በአንድ ስፍራ፣ ቡድኑ በሌላ ስፍራ ሆነ።

ታሪክ። አሌክሳንድሪንስኪ በሶቪየት ዘመን በፑሽኪን ስም ተጠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን፣ ማለት ሴንት ፒተርስበርግን፣ ሲከብ የቴአትሩ ቡድን ወደ ሳይቤሪያ፣ ወደ ኖቮሲቢርስክ ተዛወረና በዚያ መጫወቱን ቀጠለ። በከተማይቱ የቀረው የሙዚቃዊ ኮሜዲ ቴአትር ቡድን ደግሞ ወደ ባዶው ሕንፃ ገብቶ፣ ሰው በረሃብ በሚወድቅበት፣ ቤት ውስጥ ውኃ በሚረጋበት ክረምት ለሕዝቡ ይጫወት ነበር። ከበባው እስከ ጃንዋሪ 1944 ቆየ።

ትርጓሜ። የፑሽኪን ቴአትር የትኛው ነበር ቢሉ፤ በሳይቤሪያ ያለው ነው። ቤቱ ሳይኖር ስሙ ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

አንድም። የተራበ ሕዝብ ቴአትር ምን ይሠራለታል ቢሉ፤ ያ ሕዝብ ብርድ ለብሶ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ መጥቶ አየ። እንጀራ ሥጋን ያቆማል፤ አብሮ መሳቅና አብሮ ማልቀስ ደግሞ ሰውን ከሰው ጋር ያቆማል። በችግር ዘመን ቴአትር ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይህን ያስታውስ።

፮

ንባብ፦ አንድ ብላቴና ወደ ሩሲያ ሄደ፤ አድጎም ተመለሰ፤ አራዊትንም በሰው ቋንቋ አናገረ፤ ተከለከለም።

ታሪክ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ድል በኋላ በልጅነቱ ወደ ሩሲያ ተወሰደ። በአንድ የሩሲያ መኮንን ቤተ ሰብ ውስጥ አደገ፤ በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማረ፤ መኮንንም ሆነ። ወደ አገሩ ተመልሶ በኋላ ፊታውራሪ ተባለ፤ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ዋነኛው ነው፤ ጣልያን አገራችንን ሲወር ኢትዮጵያን ወክሎ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ተሟገተ። በመካከሉ፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ፣ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የሚባለውን ተውኔት ጻፈ። ዘመኑን አንዳንዱ ወደ ፊት፣ አንዳንዱ ወደ ኋላ ያደርገዋል፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ስለ መሆኑ ግን ይስማማሉ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ቴአትር ተብሎ የሚቀርበው ዘፈንና ጭፈራ እንደ ነበረና ያም እንዳላረካው ይነገራል። ተውኔቱ በቴራስ ሆቴል ታየ። ንግሥት ዘውዲቱ ከለከለችው፤ እስከ ንግሥናዋ ፍጻሜም ቴአትር በሩ ተዘጋበት።

ትርጓሜ። «አራዊትን በሰው ቋንቋ አናገረ» አለ፤ የእንስሳት ተረት ወስዶ የአስተዳደርን በደልና የሥራን ጥመት ገለጠበት ሲል ነው። ላፎንቴን በፈረንሳይ፣ ክሪሎቭ በሩሲያ በዚህ መንገድ ሄደዋል። ተክለ ሐዋርያት ባደገበት አገር የክሪሎቭን ተረት የማያውቅ ተማሪ አልነበረም።

ምነው በቀጥታ አልተናገረም ቢሉ፤ ቀጥታ የተናገረ ወዲያው ይያዛል፤ ተረት ግን በሁሉ ጆሮ ይገባል። የተረት ብልሃት ባዕድ አይደለችም፤ በሀዲያም በከምባታም ልጆች በማታ ከሽማግሌ አፍ የሚሰሙት የጅብና የቀበሮ ታሪክ አለ።

አንድም። «ተከለከለም» አለ፤ ጅቡና ቀበሮው እነማን እንደ ሆኑ ቤተ መንግሥቱ አወቀ ማለት ነው። የኒኮላይ ቤት ጎጎልን አይቶ ሳቀ፤ የዘውዲቱ ቤት ተክለ ሐዋርያትን አይቶ ዘጋ። ሆኖም የአገር ልዩነት ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ከላይ እንዳየነው ሩሲያም ፑሽኪንን 45 ዓመት አስጠብቃለች። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚባለው ሌላ ነው። ጎጎል ሲታይ ከኋላው 80 ዓመት የተጫወተ ቡድን ነበረ፤ ቢታገድ እንኳ ቡድኑ ሌላ ተውኔት ይዞ ይቀጥላል። ተክለ ሐዋርያት ግን ድርሰት እንጂ ቋሚ ቡድን አልነበረውም። አንድ ድርሰት ሲታገድ ቴአትሩ አብሮ ታገደ።

አንድም። እገዳው ዘርን አላጠፋም። በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ ወዲህ ተማሪ ቤቶች መድረክ ሆኑ። ከጎጃም የመጣው የቅኔ መምህር ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ለተማሪዎች ተውኔት ጽፈው አጫወቱ። ያው ነገር ነው፤ ቤት አልነበረም፣ ልጆችና መምህር ነበሩ። የቦኖሻ መምህራን ይህን ቃል ለራሳቸው ያድርጉት።

፯

ንባብ፦ ማኅበር ቀደመ፤ ቤት ተከተለ፤ ቤቱም በዋና ከተማ ቀረ።

ታሪክ። በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ጦርነት ሲቃረብ መኮንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን መሠረቱ። ሕዝብ በአደባባይ ይሰበሰብ፣ ንግግርና መዝሙር፣ ግጥምና ጨዋታ ይቀርብለት ነበር። ከድል በኋላ ማኅበሩ እንደ ገና ተነሥቶ ሀገር ፍቅር ቴአትር ሆነ። በጣልያን ጊዜ ለሲኒማ የተጀመረው ሕንፃ ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት በዓል ተሠርቶ በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ የመክፈቻው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር ተባለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቴአትር ጥበባት ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1978 ተከፈተ።

ትርጓሜ። «ማኅበር ቀደመ» አለ፤ በያሮስላቭል የሆነው በአዲስ አበባም ሆነ ሲል ነው። ሁለቱ አገሮች ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ሄዱ፤ ሰዎች ተሰበሰቡ፣ ከዚያ ቤት መጣ።

አንድም። «በዋና ከተማ ቀረ» አለ፤ መንገዱ እዚህ ተለየ። ያሮስላቭል ዛሬም በቮልኮቭ ስም የሚጠራ ቴአትር አላት። በሩሲያ ብዙ የክፍለ አገር ከተማ የራሱ ድራማ ቴአትር፣ ቋሚ ተዋንያን፣ የየሳምንቱ መርሐ ግብር አለው። በእኛ አገር በባሕር ዳር እንዳለው የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያሉ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ ቋሚ ቡድንና የታወቀ የጨዋታ ቀን ያላቸው ታላላቅ ቴአትሮች በአዲስ አበባ ናቸው። ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቦኖሻ ተነሥቶ ቴአትር አይቶ የሚመለስ ገበሬ አይገኝም።

ምነው በደርግ ዘመን የኪነት ቡድን በየቀበሌውና በየአውራጃው አልነበረምን ቢሉ፤ ነበረ። ብዙ ሙዚቀኛና ተዋናይም አፍርቷል። ነገር ግን በትእዛዝ የቆመው በትእዛዙ ማብቂያ ፈረሰ፤ መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙዎቹ ተበተኑ። በኋላም ስለ ጤና፣ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት፣ ስለ ኤችአይቪ የሚያስተምሩ ጭውውቶች በየትምህርት ቤቱ መጡ፤ ጠቃሚ ነበሩ፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ግን አብረው ቆሙ። ከላይ የመጣ ቡድን ከላይ ያለው ሲነሣ ይነሣል፤ ከሥር የበቀለ ግን ይቆያል ለማጠየቅ።

አንድም። የእንሰት ልማት ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ብዙ ችግኝ የፈለገ ገበሬ የአንዱን እንሰት ሥር ቆርጦ ይቀብረዋል፤ ከአንዱ ሥር ብዙ ቡቃያ ይወጣል፤ ቡቃያውን እየነቀለ ከስፍራ ወደ ስፍራ ያዛውረዋል፤ ለመብል የሚደርሰውም ከዓመታት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባው ሥርም እንዲሁ ቡቃያ ሊወጣ ይገባል፤ በዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑት ልጆች ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ቦኖሻ ይምጡ፤ ተቀባዩም ለዓመታት ይታገሥ።

ማሰሪያ

የሰባቱ ቃል ምሥጢር ወደ ተግባር ሲመለስ እንዲህ ይሆናል።

መድረክ የሚሆን ነገር አለን። የሀዲያ በዓል ያሆዴ ሲደርስ ሕዝቡ በእሳት ዙሪያ ይዘፍናል፤ አታካና ይቀርባል፤ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል። በከምባታም መሳላ እንዲሁ ነው። ከዚህ የበለጠ ተመልካች የሚሰበሰብበት ቀን የለም። በቤተ ክርስቲያኖቻችንም ወጣቶች በገናና በትንሣኤ የሚያቀርቡት መንፈሳዊ ድራማ አለ፤ ቃል ማጥናትን፣ በሰዓት መገኘትን፣ በሰው ፊት መቆምን ያስተማራቸው ያ ነው። የትምህርት ቤት ክፍል ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከቮልኮቭ መጋዘን የተሻለ ነው።

ቋንቋም አለን። ተውኔቱ በሀዲይኛ ይሁን፤ በከምባትኛ ይሁን፤ በአማርኛም ይሁን። ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ ተምሮ በአማርኛ ጻፈ፤ የተማረበትን ጥበብ ወደ ሕዝቡ አፍ መለሰው። የቦኖሻ ደራሲም በትምህርት ያገኘውን ወደ እናቱ ቋንቋ ይመልሰው። እናት ሳትጠይቅ የምትረዳው ተውኔት የመጀመሪያው ይሁን።

ነገርም አለን። ባሏ ደቡብ አፍሪካ የቀረባት ሴት፣ ልጁን ለመላክ መሬቱን በመያዣ የሰጠ አባት፣ በድንበር ነገር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞችን በሴራ የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ እንሰት የምትፍቅ እናትና የምትማር ልጅዋ፣ ዝናብ ሲበዛ በቦዮ ሐይቅ ዙሪያ የሚጨነቅ አራሽ፤ እነዚህ ሁሉ ደራሲ ይጠብቃሉ።

የቀረው ቡድን ነው። ሰባት ወይም ስምንት ሰው ይሰብሰብ፤ ሴቶች ይኑሩበት፤ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የወለዳቸው ይኑሩበት። ሕግ ያውጡ። በሳምንት የታወቀ የልምምድ ቀን ይቁረጡ፤ ለተመልካችም በወር አንድ የታወቀ ምሽት ይስጡ፤ ያ ቀን ዝናብ ቢሆን፣ ሰው ቢያንስ አይሠረዝ። ተመልካች የሚለምደው ቀኑን ነው። ሁለት ዓመት ሳያቋርጡ ከተጫወቱ በኋላ ወደ ወረዳው አስተዳደርና ወደ ሆሳዕና ሄደው ቤት ይጠይቁ። ያን ጊዜ አዳራሹ በውስጡ የሚሠራበት ቡድን ይዞ ይሠራል፤ የስብሰባ ቤት ብቻ ሆኖም አይቀርም።

ቤት ለመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ግብር የሚከፍል ሕዝብ ልጆች ናችሁና። ነገር ግን ቤቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። የመጀመሪያውን ልምምድ በዚህ ሳምንት ጀምሩ።